በሁዳዴ የተለበጠ ደጋን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሸማኔዎች ማኅበራችን ጋቢ ሸለመኝ። ጥሩ ጋቢ ነው፣ ነጭ ነው፣ ይሞቃል። ጥጡ ግን በማሽን የተነደፈ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የእጅ ደጋን ስሠራና ስጠግን ኖሬ፣ በስንብቴ ቀን የማሽን ሥራ ትከሻዬ ላይ ሲጣልልኝ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? የሰጡኝ ልጆች ነገሩን አላሰቡትም፣ ክፋትም የለባቸውም።

ደጋን የማያውቅ ሰው በዝቷል። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል ግድግዳውን ለማሳመር ከማኅበራችን ሁለት አሮጌ ደጋን ወስዶ ሰቅሏል። አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ብገባ አስተናጋጁ፣ «ፋዘር፣ ድሮ በዚህ ነበር እንዴ የምታድኑት?» አለኝ። «አዎ፣ ጥጥ ነበር የምናድነው» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር። ደጋን ጥጥ መንደፊያ ነው። የጎበጠ እንጨት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አውታር ተወጥሮበታል። ነዳፊዋ ፍሬው የወጣለትን ጥጥ ፊት ለፊቷ ታኖርና አውታሩን ጥጡ ውስጥ አግብታ ትመታዋለች። ጥጡ ይፈታል፣ ያብጣል፣ ለእንዝርት ይመቻል። እንጨቱ ወፍራም ከሆነ አይሰበርም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ስትይዘው የምትውል ሴት ክንዷ ይዝላል። ቀጭን ከሆነ ይቀላል፣ ግን ይሰበራል። በእኛ ቤት መላው ይህ ነበር፦ እንጨቱን ቀጭን አድርጎ ጠርቦ፣ ሲጎብጥ የሚለጠጠውን ጀርባውን በበሬ ጅማት መለበጥ። ጅማት የለበሰ ቀጭን ደጋን የወፍራሙን ጉልበት ይችላል። የእኔ ሥራ ያ ጅማት ነበር።

የተወለድኩት ቁይ አካባቢ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ፣ እርሻው ለወንድሞቼም አልበቃ ሲል ወደ ማርቆስ መጣሁና የሸማኔዎች ማኅበር ውስጥ በተሸካሚነት ገባሁ። የያኔው ሥራ አስኪያጃችን የቀድሞ ወታደር ነበሩ፤ ሲናገሩ መወርወሪያው ከሸማኔው እጅ የሚወድቅ ይመስላል። አንድ ጠዋት አስጠርተው መዳፌን ገለበጥ አድርገው አዩና፣ «ይኸ እጀ ሰፊ ነው፣ ለታከለ ስጡት» አሉ። የሰው ዕድሜ እንዲህ ነው የሚወሰነው። ስለ ደመወዙ አታንሱብኝ፣ ከወር ወር አድርሶኝ አያውቅም።

አያ ታከለ የደጋን ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ልበላቸው እንጂ ከእርሳቸው በቀር ሌላ ሰው አልነበረም። ቀጭን ናቸው፣ ፂማቸውን አጭር አድርገው ይከረክማሉ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ከቅንድባቸው አያልፍም። መጀመሪያ ቀን ስማቸውን ጠርቼ ሰላምታ ሳቀርብ ዝም አሉኝ። ኩሩ ናቸው ብዬ ቅር አለኝ። ለካ አፋቸው ውስጥ ጅማት ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሬ ሲታረድ ቋንጃውና በጀርባው ግራና ቀኝ የሚሄደው ረጅሙ ጅማት ለእኛ ይመጣል። ሥጋው በደነዘ ቢላ ይገፈፋል፤ የተሳለ ቢላ ጭረቱን፣ ያን ቀጭን ክሩን፣ ይቆርጠዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጅማት ላዩ ይደርቅና ውስጡ ይሸታል። ደርቆ የማር ቀለም ሲይዝ በለስላሳ ድንጋይ ይወቀጣል፣ በቀስታ፣ አጥንት እንደሚሰብር ሳይሆን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው እየመቱ። ሲፈታ በጣት ይተረተራል፣ እንደ ፀጉር ይሆናል። አጭሩ ካጭሩ፣ ረጅሙ ከረጅሙ ይታሰራል። ሰው የሚንቀን በሚቀጥለው ነው፤ ጭረቱ በአፍ ይለሰልሳል። ጉንጭ ውስጥ ይያዛል፣ በጥርስ ቀለል ተደርጎ ይታኘካል፣ ሲለዝብ ለብ ካለ የቆዳ ሙጫ ተነክሮ በእንጨቱ ጀርባ ላይ ጎን ለጎን ይነጠፋል።

«ለምን ውኃ አንነክረውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው በሁለተኛው ሳምንት።

ከአፋቸው አወጡት። «ውኃ ያለሰልሰዋል፣ አያውቀውም» አሉኝ። «ጅማት ውስጥ ሞራ ይደበቃል። በደረቁ አታየውም፣ በጣትህም አታገኘውም። ሞራ ያለበት ቦታ ሙጫ አይዝም። ዓይንም ጣትም ይታለላል፣ ምላስ አይታለልም።»

እውነታቸውን ነው። ከጊዜ በኋላ እኔም ለመድኩት። ጭረቱ ከምላስ ላይ ሲንሸራተት፣ ጥቂት የሚያሟልጭ፣ ጥቂት የሚያቅለሸልሽ ነገር ካለው ተፍቶ ማውጣትና በአመድ አሽቶ እንደገና መሞከር ነው። አያ ታከለ ጠዋት ቃሪያ አይቀምሱም፣ ጠላም አይጠጡም፤ ምላሴን ያደነዝዘዋል ይሉ ነበር። ሲጨርሱ አፋቸውን ሦስቴ ተጉመጥምጠው ነው ሰው የሚያናግሩት። አንድ ሰው በጣም አስፈላጊ ነገር ሊጠይቃቸው ከመጣ በቅንድባቸው «ቆይ» ይሉታል፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆኑ ይቆያሉ።

ሰፈሩ «ጅማት አኛኪ» ነበር የሚለን። ሸማኔን የሚንቅ አገር እኛን ምን እንዲለን ይጠበቃል? ባለቤቴን ሳጭ አማቼ፣ «ልጄን በዚያ አፉ ሊስማት ነው?» አሉ ተብሎ ደርሶኛል። አገባኋት። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ በዚሁ ስትቀልድብኝ ኖረች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጅማት ሥጋ ነው። በጾም ቀን አፍ ውስጥ አይገባም። አልዋጥነውም ብለን ልንከራከር እንችል ይሆናል፤ አያ ታከለ ግን በዚህ አይከራከሩም። ረቡዕና ዓርብ እንወቅጣለን፣ እንተረትራለን፣ እንጨት እንጠርባለን እንጂ አፋችን አያገኘውም። ችግሩ ሁዳዴ ላይ ነው። ለፋሲካ አገሩ ሁሉ አዲስ ልብስ ስለሚፈልግ የሽመና ሥራ የሚከመረው በሁዳዴ ነው። ስለዚህ የገናን በሬ ጅማት አድርቀን፣ ከጥምቀት እስከ ቅበላ ደጋኖቹን ሁሉ ለብጠን፣ ትርፍም ጨምረን እንጨርሳለን። ለቅበላ ሰው ሁሉ ሥጋ ሲበላ እኛ መንጋጋችን ዝሎ ሽሮ ያምረናል። ሁዳዴ ሲገባ አያ ታከለ የሙጫውን ድስት አጥበው ይደፉታል። እስከ ፋሲካ ያ ድስት አይነሳም።

አያ ታከለ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ የሺ። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ከአባቷ ጋር ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ነው ያደገችው። እኔ ክፍሉን በደንብ በለመድኩበት ጊዜ እሷ ከነዳፊዎቹ ሁሉ የላቀች ሆና ነበር። ስትነድፍ አውታሩ የሚሰጠው ድምፅ አይቆራረጥም፤ ሸማኔዎቹ ባትኖር ሥራቸው ይሰለቻቸዋል። ለአንድ የደምበጫ ሰው ታጭታ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ተቆርጦ ነበር። አባቷ ስለ ሠርጉ አንድም ቃል አይናገሩም፣ ግን በዚያ ዓመት ለእሷ የለበጡት ደጋን ከሁሉ የቀለለ ነበር።

ወታደሩ ሥራ አስኪያጅ ጡረታ ወጥተው አዲስ ሰው መጥቶ ነበር። ወጣት ነው፣ ክራቫት ያስራል፣ በጎ አሳቢ ነው፤ የበጎ አሳቢ ጥፋት ደግሞ አያድርስ ነው። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ከተማ ባዛር አለ ብሎ ትርፍ ያስቀመጥናቸውን ደጋኖች ለጌጥ ይዞ ሄደ። አያ ታከለ፣ «ጌታዬ፣ እነዚህ መጠባበቂያ ናቸው» ቢሉት «እመልሳቸዋለሁ አባት» አለ። ባዛሩ ላይ የውጭ አገር ሰዎች ገዙለት። ደስ ብሎት ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት አይጥ የየሺን ደጋን በላችው። ጅማት አይጥ ይወዳል፤ ሁልጊዜም በገመድ ከጣራ አንጠልጥለን ነበር የምናሳድረው። ያን ዕለት አንዷ ፈታይ መሬት ላይ አቁማው ሄዳለች። ጠዋት ብናየው ጀርባው ከላይ እስከ ታች ተግጧል። «አይጥ ጾም አታውቅም» ብሎ አንዱ ቀለደ። የሳቀ ግን የለም። ለፋሲካ የታዘዘው ጋቢና ነጠላ ገና አልተጀመረም፣ ሸማኔዎቹ ማግ ይጠብቃሉ፣ ሌሎቹ ነዳፊዎች ብቻቸውን አያደርሱትም፣ የሺ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

ሥራ አስኪያጁ መጣና፣ «አንድ ደጋን ነው እኮ፣ ሥሩላት» አለ።

«በሁዳዴ አንለብጥም» አሉት አያ ታከለ።

«ትእዛዙ ካልደረሰ የሰው ደመወዝ አይከፈልም። ለሃምሳ ዓመት ልማድ ብዬ ይህን ሁሉ ቤተሰብ ላስርብ?»

 ሰው ይራባል መባሉ አያ ታከለን ከበዳቸው። እኔ ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ ከወሎ የመጣ ሙስሊም ሸማኔ ነው፣ ወዳጃችን ነው። «አንተ ጾም ላይ አይደለህ፣ እባክህ ይህን ጅማት በአፍህ አለስልስልን» አልኩት። አየኝ። «ሙሉቀን» አለኝ፣ «በሬውን ያረደው ክርስቲያን ነው። እናንተ ጾማችሁን እንድትጠብቁ እኔ ሃይማኖቴን ልጣ?» አለ። ሳቀ፣ እኔም አፍሬ ሳቅሁ። የሙስሊም በሬ ጅማት ፈልጎ ለማድረቅ ጊዜው አልነበረም።

በመጨረሻ አያ ታከለ ውኃ እንዳሞቅ ነገሩኝ። ጣታቸውን እየነከሩ፣ «ጨምር… በቃ… አቀዝቅዘው» እያሉ ጭረቱን አለሰለሱት። ውኃው ሲሞቅበት ጅማት ይጨማደዳል፣ ስለዚህ ተጠንቅቀዋል። አንድ በአንድ ብርሃን ላይ እየያዙ አዩት፣ በጣታቸው እየሳቡ ደባበሱት። እንደዚያ ተጨንቀው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ነበር። ደጋኑ ተለብጦ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ከደብረ ዘይት በኋላ ለየሺ ተሰጠ። ሲያዩት እንከን የለበትም።

የገብርኄር ሰሞን ነው፣ ጠዋት ነው። እኔ ድንጋዩ ላይ ነበርኩ። በረንዳው ላይ የየሺ አውታር ሲመታ እሰማለሁ። ድንገት የእንጨት ስንጥቃት ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም የለም። ጩኸት እንኳ አልነበረም። ስወጣ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች፣ ጥጡ ጭኗ ላይ በደም ቀልቷል።

ሐኪሞቹ የግራ ዓይኗን ሊያተርፉት አልቻሉም።

እሷን በባጃጅ ይዘዋት እንደሄዱ አያ ታከለ ሊከተሉ ሲነሱ ስብርባሪው አጠገብ ቆሙ። ጅማቱ ከላይኛው ክንድ ላይ እንደ ልጣጭ ተነስቷል፤ ራቁቱን የቀረው እንጨት አልቻለም። ጎንበስ ብለው የተነሳውን ጭረት አነሱት። በጥፍራቸው ፋቁት። ከዚያ በሁዳዴ፣ በእኔ ፊት፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

«ሞራ ነው» አሉ።

 ሰው ብዙ ተናገረ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያለም አለ፣ ሥራ አስኪያጁን የረገመም አለ። እሱም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓመት ሳይሞላው ዝውውር ጠይቆ ሄደ። የደምበጫ ሰዎች መጀመሪያ ሊጠይቋት መጡ፤ ብርቱካንም ይዘው ነበር። ስለ ሠርጉ ሳያነሱ ሄዱ፣ ተመልሰውም አልመጡም። የሺ አላለቀሰችም ይባላል። እኔ ግን አንድ ቀን የጥጥ መጋዘን ውስጥ ስታለቅስ ሰምቼ ሳልገባ ተመልሻለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ቅበላ አልፎ ሁዳዴ ገባ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ስገባ የሙጫው ድስት እሳት ላይ ነው። አያ ታከለ ተቀምጠዋል፣ አፋቸው ውስጥ ጅማት አለ።

«አያ ታከለ» አልኩ፣ «ዛሬ ሁዳዴ ነው እኮ።»

አወጡት። «አውቃለሁ» አሉ። «ባለፈው ዓመት ጾሜን ጠበቅሁ። ከፋዩ ማን እንደሆነ አይተሃል። ከእንግዲህ የሚከፈል ነገር ካለ በራሴ ላይ ይሁን።»

ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ሰውዬው መጾም ተዉ አይባልም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም፣ ከጾም ምግብ ሌላ ምንም አይበሉም። ጅማቱን ብቻ በአፋቸው ይይዛሉ። በየዓመቱ ሁዳዴን፣ ሰሙነ ሕማማትንም ጭምር። ስለዚህ ራሳቸውን ጾመኛ አልቆጠሩም፣ ቁርባንም ተዉ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ግን ከቅጥሩ በር አያልፉም። ዝናብ ቢሆን፣ ውርጭ ቢሆን፣ ግንቡን ተደግፈው ቅዳሴውን ከውጭ ይሰማሉ። የንስሐ አባታቸው ስንት ጊዜ ወጥተው ለመኗቸው። «ጾምህን ስለጠበቅህ አይደለም ልጅህ የተጎዳችው» ሲሏቸው፣ «ታዲያ ስለ ምንድን ነው አባቴ?» ይላሉ። 

የሺ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በአንድ ዓይኗም ቢሆን የሚያህላት አልነበረም። አባቷን አንድም ቀን ስትወቅስ አልሰማኋትም። አላገባችም፤ ቤታቸውን እሷ ያዘች።

እኔ በመሀሉ ብዙ ቦታ ተላክሁ። አምበር ገበያ እየሄድኩ ከሥጋ ቤቶች ጅማት ገዝቻለሁ፤ ጅማት ስል ለውሻ የሚጣለውን እያመጣ ስንቱ አሹፎብኛል። ደምበጫ አንድ ዓመት ሴቶችን ደጋን አያያዝ አሠልጥኛለሁ። ስሄድ ያንን የሠርግ ወሬ እያሰብኩ ከተማው አስጠላኝ፤ ከተማው ምን በደለ? ከዚያ ሌላ ሥራ አስኪያጅ መጡ፣ ሴት ናቸው፣ ብልህ ናቸው። የማሽኑን ነገር ያመጡት እርሳቸው ናቸው። አልቃወማቸውም። ማሽኑ በአንድ ጠዋት የነዳፊዎቹን የሳምንት ሥራ ይጨርሳል፣ የማንንም ዓይን አያጠፋም። የደጋን ክፍሉ ግን ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። አያ ታከለ አርጅተው ቤት ከዋሉ ቆይተው ነበርና ሲዘጋ አላዩትም። እኔ ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታዬ የመጋዘን ጠባቂ ሆንኩ።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወር አያ ታከለ ታመሙ። የሺ ልጅ ልካብኝ ሄድኩ። መደቡ ላይ ተኝተዋል፣ ሆዳቸው አብጧል፣ እግራቸው ቀጥኗል። አእምሯቸው ግን ደህና ነው። የንስሐ አባታቸው መጥተው እንዲቆርቡ ለምነዋቸው እምቢ ብለው መልሰዋቸዋል።

«አንተን ይሰማሃል» አለችኝ የሺ። «ሳይቆርብ እንዳይሞትብኝ። እባክህ ንገርልኝ።»

አጠገባቸው ተቀምጬ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ሙሉቀን፣ ደክመሃል» አሉ፣ «ጾሜን የጠበቅሁት በልጄ ዓይን ነው። እሱን ይዤ ምን ብዬ እቆርባለሁ?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጥቼ ከየሺ ጋር ደጁ ላይ ቆምኩ። ከሰዓት በኋላ ነው። እምቢ አሉ አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች እንዲህ አለችኝ፦

«ያ ደጋን ሊሰበር መሆኑን አውቅ ነበር።»

አልገባኝም።

«ከቀናት በፊት ጀምሮ ስወጥረው ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። ጅማቱ ከእንጨቱ እየለቀቀ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ የታከለ ልጅ ነኝ፣ እንዴት አላውቅም? ለአባባ ልነግረው ብዬ ማታ ስገባ ሲጸልይ ሰማሁት። ‹ይህም ደጋን ካልሆነ በአፌ አለሰልሰዋለሁ፣ ሌላ መላ የለኝም፣ ይቅር በለኝ› ይላል። ብነግረው ጾሙን ሊሽረው ነው። ፋሲካ እስኪደርስ ይችልልኛል ብዬ ዝም አልኩ። ቀስ እያልኩ ስመታው ነበር።»

 «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽውም?» አልኳት።

«ለእኔ ብላ ነው ዓይኗን ያጣችው ብሎ ይሞትብኛል ብዬ ነዋ። በዝምታዬ ደግሞ ይኸው ነፍሱን እያጣ ነው። አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጥ ነበር?»

ንገሪው አልኳት። ልክ ነበርኩ አልነበርኩም፣ አሁንም እጠይቀዋለሁ። ተያይዘን ገባን። መደቡ ሥር ተንበርክካ አንድም ቃል ሳታስቀር ነገረቻቸው። አያ ታከለ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።  እኔ ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ድምፁ ከየት ነበር?» አሏት። «ከላይኛው ክንድ ነው ከታችኛው?»

«ከላይኛው አባባ።»

«እኔም የላይኛውን ነበር የጠረጠርሁት» አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እጃቸውን ዘርግተው የጠፋውን ዓይኗን ቦታ በአውራ ጣታቸው ነኩት። «እንግዲህ ጾሜን አንቺ ነሽ የጠበቅሽልኝ። እኔ ደግሞ ይኸው በየዓመቱ ስሽርብሽ ኖርሁ።»

እጇን እንደያዙ፣ «አባን ጥሪልኝ» አሉ።

የንስሐ አባታቸው ከምሽት በፊት መጥተው አናዘዟቸው። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። ጠዋት ቅዳሴ እንዳለቀ ሥጋ ወደሙን ይዘው እንደሚመጡ፣ ለታመመ ሰው ደግሞ ጾሙ እንደማይጠነክር፣ ውኃም መድኃኒትም መውሰድ እንደሚችሉ ነግረውን ሄዱ። እኔም ጠዋት ልመለስ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ማለዳ ስደርስ የሺ ደጁ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ ላይ ውኃ የሞላ ኩባያ አለ። ፊቷን አይቼ ገባኝ። ሌሊቱን ትኩሳቱ በርትቶባቸው ምላሳቸው እንጨት ሆኖ ሳለ አንድ ጉንጭ ውኃ ላጠጣቸው ብላ ለምናቸዋለች። አባ ፈቅደዋል እኮ አባባ፣ ለታመመ ይፈቀዳል ብላቸዋለች። ኩባያው በቀረበ ቁጥር ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው በቅንድባቸው «ቆይ» ይሏታል። ጎህ ሲቀድ እንደዚያው ሆነው አለፉ።

እዚያው ቆመን ሳለን የቃጭሉ ድምፅ መጣ። ካህናቱ ጥላ ዘርግተው በመንገዱ ብቅ አሉ። የንስሐ አባታቸው ቀድመው ገስግሰው ደረሱና ገና ከደጁ፣ «ጾሟል?» ብለው ጠየቋት።

የሺ ተነሳችላቸው። «አዎ አባቴ» አለች፣ «ከትናንት ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልቀመሰም።»